የጠገራና የምኒልክ ብር ደረጃ እንዴት ይለያል

አሮጌ የብር ሳንቲም እጁ የገባ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ምስሉ ላይ ነው። የንግሥቲቱን ጉንጭ፣ የንጉሠ ነገሥቱን ዘውድ፣ የአንበሳውን ጎፈር ያያል። ጎልቶ ከታየው ደስ ይለዋል፤ ከደበዘዘበት መልሶ ያስቀምጠዋል። እኔ መጀመሪያ የማየው ምንም ያልተቀረጸበትን ቦታ ነው፤ በምስሉና በዙሪያው ባለው ጽሑፍ መካከል የተዘረጋውን ባዶ ሜዳ። ምስሉ ሳንቲሙ በስንት እጅ እንደዞረ ይነግረኛል። ሜዳው ደግሞ ሰው ምን እንዳደረገው ይነግረኛል፤ ታጥቦ ይሁን ተፍቆ፣ በጨርቅ ተወልውሎ ይሁን በአሲድ ተነክሮ፣ ወይም ማንም ሳይነካው ዕድሜውን እንደያዘ የመጣ ይሁን። በገበያ ሲዞር ኖሮ መልኩ የለሰለሰ ብር ለእኔ የተከበረ ብር ነው። ትናንት ተፈግፍጎ ዛሬ የሚያብረቀርቀው ግን፣ ምስሉ የቱንም ያህል ቢጎላ፣ ከእሱ በታች ነው። የተፋቀ ገጽ አይመለስም።

ይህን ለማየት ከሁሉ የሚቀርቡን ሁለት ሳንቲሞች አሉ። አንደኛው አያቶቻችን ጠገራ ወይም ማርትሬዛ እያሉ የተገበያዩበት የኦስትሪያ ታለር ነው። ሁለተኛው ዳግማዊ ምኒልክ ፓሪስ ያሳተሙት ብር ነው። ጠገራው 28.07 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ የምኒልኩ 28.075። በጠገራው ከሺህ 833 እጅ፣ በምኒልኩ 835 እጅ ንጹሕ ብር አለ፤ የቀረው መዳብ ነው። የሁለቱም ስፋት 40 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ይህ መቀራረብ እንዲያው የመጣ አይደለም። ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. የራሳቸውን ገንዘብ ሲያውጁ ገበያው ላይ የነገሠው ጠገራው ስለነበር፣ አዲሱ ብር ሚዛን ላይ ከእሱ ጋር እኩል እንዲቆም ተደርጎ ተሠራ። ሕዝቡ ግን ለለመደው ጠገራ ያደላ ስለነበር ሁለቱ ለረጅም ጊዜ ጎን ለጎን ሲሠራባቸው ኖረዋል።

ከጠገራው ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በእሱ ነው። ሳንቲሙ ላይ ያለው ዓመት 1780 ነው። ምስሏ ያለበት ንግሥት ማሪያ ተሬዛ የሞተችው በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ሲሆን፣ ከሞተች በኋላም ያው ምስልና ያው ዓመት ሳይለወጥ ሲታተም ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆነው። ቪየና፣ ፕራግ፣ ሚላኖና ቬኒስ አትመውታል። ሙሶሊኒ አገራችንን ሊወር ሲዘጋጅ በ1935 እ.ኤ.አ. ማተሚያ ብረቱን ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ውስጥ አሳተመ። ከዚያ ለንደን፣ ፓሪስና ብራስልስ ተከተሉ፤ በጦርነቱ ጊዜ ደግሞ ቦምቤይ። ቪየና ዛሬም ለሰብሳቢዎች ታትመዋለች። ስለዚህ «1780 ይላል፣ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የቆየ ነው» የሚል ሻጭ እየዋሸ ላይሆን ይችላል፤ ያነበበውን ነው የሚናገረው። ዓመቱ ግን ስለ ዕድሜው ምንም አይነግረንም። የሚነግሩን ትንንሾቹ ነገሮች ናቸው፦ በትከሻዋ ላይ ያለው ጌጥ ክብ ነው ወይስ ሞላላ፣ በዙሪያው ስንት ዕንቁ አለ፣ የንስሩ ጭራ ላባዎች እንዴት ተደርድረዋል፣ በጠርዙ ላይ ከጽሑፉ መካከል የገቡት ሐረጎች ምን ይመስላሉ። እያንዳንዱ ማተሚያ ቤት በእነዚህ ላይ የራሱን ልዩነት ጥሏል። ሜዳው እንደ መስታወት ጥቁር ሆኖ ምስሉ ነጭ አመዳይ የለበሰ ከመሰለ ደግሞ ለሰብሳቢ ተብሎ በቅርብ የተሠራ ነው። ያም ብር ነው፤ ግን በቅሎ ላይ ተጭኖ ጎንደር የገባ ጠገራ አይደለም።

በ19ኛው መቶ ዘመን አገራችንን ያዩ ተጓዦች ደጋግመው የጻፉት አንድ ነገር አለ። ነጋዴው ጠገራ ሲቀበል ዝም ብሎ አይቆጥርም ነበር። በንግሥቲቱ ፀጉርና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች ይቆጥራል፤ ከደረቷ ሥር ኤስ እና ኤፍ የሚባሉት ሁለት የላቲን ፊደላት በግልጽ መታየታቸውን ያረጋግጣል። ካልታዩት አይቀበልም። ፊደላቱ የጉንዝቡርግ ማተሚያ ቤት ሹማምንት የነበሩት የሾብልና የፋቢ ስሞች መጀመሪያ ናቸው። ብዙ ፈረንጅ ይህን የገጠር ሰው ግትርነት አድርጎ ጽፎታል። እኔ ግን የምሁር ሥራ ሆኖ ነው የማየው። ዕንቁዎቹ ትንንሽና ከገጹ ብቅ ያሉ ስለሆኑ ሳንቲሙ ሲታሽ ቶሎ ከሚጠፉት ውስጥ ናቸው። ዕንቁዎቹ ተለይተው ከተቆጠሩ ሳንቲሙ ብዙም አላለቀም፤ ብሩም አልጎደለም። ተደፍድፈው አንድ መስመር ከሆኑ ግን ወይ አልቋል ወይ በቅርጽ የፈሰሰ ሐሰተኛ ነው። ዛሬ ሰብሳቢዎች በአጉሊ መነጽር የሚያደርጉትን ያ ነጋዴ በዓይኑ ብቻ ያደርገው ነበር።

ጠገራን ስታዩ ከትከሻዋ ጌጥ ጀምሩ። ቀጥላችሁ ከጆሮዋ በላይ ያለውን ፀጉር፣ ከዚያ ጉንጯን፣ ከዚያ የደረቷን ከፍታ ተመልከቱ። እጅ የሚያገኘው እነዚህን ነው። የመጋረጃዋ እጥፋት ጥልቅ ስለሆነ ዘግይቶ ነው የሚጠፋው፤ እጥፋቱ ራሱ ከደበዘዘ ሳንቲሙ ብዙ ዘመን ሠርቷል ማለት ነው። ስትገለብጡት ሁለት ራስ ያለውን ንስር ታገኛላችሁ። መጀመሪያ የሚለሰልሰው በደረቱ ላይ ያለው ጋሻ ነው፤ ከዚያ የክንፎቹ ላባ። የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ድንጋይ በእግር ብዛት መሃሉ ላይ እንደሚጎድል ሁሉ፣ ሳንቲምም ከፍ ካለው ቦታ ጀምሮ ቀስ እያለ ነው የሚያልቀው። ይህ ሥርዓት አይዛነፍም። ከፍ ያለው ሳይነካ ዝቅ ያለው ከጠፋ እጅ አይደለም ያጠፋው፤ ሌላ ምክንያት ፈልጉ።

ከምክንያቶቹ አንዱ ኅትመቱ ራሱ ነው። ሳንቲሙ ሲታተም ብረቱ በደንብ ካልወረደ፣ ወይም ማተሚያው ካረጀ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንዳንድ ቦታው ሳይሞላ ይቀራል። አብዛኛውን ጊዜ ይህ የሚታየው መሃል ላይ ነው፤ በአንደኛው ፊት ጥልቁ ምስል ብሩን ሲስብ ለሌላው ፊት አይበቃም። ልምድ የሌለው ሰው ይህን አይቶ «አልቋል» ይላል። ሁለቱን የሚለየው ብርሃን ነው። ሳንቲሙን በአንድ አምፖል ሥር አጋድሉና ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ያልተሠራበት ብር ላይ ከመሃል ወደ ጠርዝ የተዘረጋ የብርሃን መስመር አለ፤ ሳንቲሙ ሲዞር አብሮ ይዞራል። ብሩ በማተሚያው ግፊት ወደ ውጭ ሲፈስ የተዋቸው እጅግ ደቃቅ መስመሮች ናቸው ይህን የሚያደርጉት። ያልሞላው ቦታ ላይ ያ ብርሃን ሳይቋረጥ ያልፋል። ያለቀው ቦታ ላይ ደርሶ ይሞታል፤ ቦታው ልሙጥና ግራጫ ይሆናል። አንድ ጊዜ በዓይኑ ያየው ሰው ዳግመኛ አይስተውም።

የምኒልክ ብር ለዚህ ሁሉ የተሻለ መማሪያ ነው፤ አቀራረጹ የረቀቀ ነውና። ሳንቲም ወርውረን «ዘውድ ወይስ ጎፈር» የምንልባቸውን ሁለቱን ነገሮች በሁለቱ ፊቶቹ ይዟል። በአንደኛው ፊት ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ ደፍተው ወደ ቀኝ ያያሉ፤ ዙሪያውን «ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» ይላል። በሌላው ዘውድ የጫነው አንበሳ ባለመስቀሉን ዘንግ ይዞ ቆሟል። መጀመሪያ ወደ ጎፈሩ ሂዱ። የጎፈሩ ጉንጉኖች አንገቱን አልፈው ትከሻው ላይ የሚወድቁበት ቦታ የአንበሳው ከፍተኛ ስፍራ ነው። እዚያ ጉንጉኖቹ አንድ በአንድ ተለያይተው፣ በየአንዳንዱም ውስጥ ፀጉሩ እየታየ ከሆነ፣ በጣም ጥሩ ሳንቲም ይዛችኋል። ጉንጉኖቹ ተለይተው በውስጣቸው ያለው ፀጉር ከጠፋ መካከለኛ ነው። ጎፈሩ አንድ ወጥ ሆኖ ዳሩ ብቻ ከቀረ ብዙ ሠርቷል። ከጎፈሩ ወደ ኋላ ጭን ተሻገሩ፤ የጡንቻው ክብ ከፍታ ጠፍጣፋ ሆኖ ከሆነ ጎፈሩ የነገራችሁን ያረጋግጣል። በንጉሡ በኩል ደግሞ ዘውዱን የከበቡት ጌጦች፣ ጉንጫቸውና ጢማቸው፣ የትከሻቸው ልብስ እጥፋት ናቸው የሚመሰክሩት። ሁለቱ ፊቶች ሁልጊዜ እኩል አያልቁም፤ ደረጃው የሚሰጠው ደካማውን ፊት ሳይረሱ ነው።

ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር ስለተጻፈ የውጭ ሰብሳቢ ይቸገርበታል፤ እኛ ግን ቀለል ይለናል። ቢሆንም በለሰለሰ ሳንቲም ላይ ፲፰፻፹፯ን ከ፲፰፻፹፱ ለመለየት አጉሊ መነጽር ያስፈልጋል። አንበሳው ራሱም ይረዳል። በመጀመሪያዎቹ፣ በ፲፰፻፹፯ እና በ፲፰፻፹፱ በታተሙት ላይ አንበሳው የሚያነሳው የግራ ፊት እግሩን ነው፤ በ፲፰፻፺፪ እና በ፲፰፻፺፭ ባሉት ላይ ቀኙን። ዓመቱና እግሩ ካልተስማሙ ሳንቲሙን ለሻጩ መልሱለት።

አሁን ስለ ደረጃ ስሞቹ። ዓለም የሚግባባበት መለኪያ ከ1 እስከ 70 ያለው ነው። ዊልያም ሼልደን የተባለ አሜሪካዊ በ1949 እ.ኤ.አ. ለአገሩ አሮጌ የመዳብ ሳንቲሞች ብሎ ያወጣው ነበር፤ ኋላ ለሁሉም ሆነ። ከ60 ጀምሮ ያለው በገበያ ያልዞረ ነው፤ «ሚንት ስቴት» ይሉታል። ከ50 እስከ 58 ጥቂት ብቻ የተነካ፣ ከ40 እስከ 45 «ኤክስትሪምሊ ፋይን»፣ ከ20 እስከ 35 «ቬሪ ፋይን»፣ ከ12 እስከ 15 «ፋይን»፣ ከዚያ በታች «ቬሪ ጉድ» እና «ጉድ»፣ ከሥር ደግሞ ማንነቱ ብቻ የሚታወቅ። ለምኒልክ ብር እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ጎፈሩ ነው። ጉንጉኖቹ ሁሉ ኖረው ጫፋቸው ብቻ ከለሰለሰ 40 እላለሁ። ግማሽ ያህሉ በውስጣቸው ፀጉር ካሳዩ 25 ወይም 30። ዳራቸው ብቻ ከቀረ 12። እኛ ጋ በየሱቁ የሚገኘው አብዛኛው ከ12 እስከ 30 ባለው ውስጥ ነው፤ ይህ ደግሞ የሚያሳፍር አይደለም። የተሠሩት ሊሠራባቸው ነውና።

ባልዞረ ሳንቲም ላይ እንኳ ጭረት ይገኛል። ጠገራ በስልቻ ተሞልቶ በበቅሎ ሲጓዝ አንዱ ሌላውን እየመታ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ሜዳው ላይ እዚህና እዚያ አጭር ምት፣ ትንሽ ስንጥቅ ይተዋል። ምቶቹ አቅጣጫ የላቸውም። ይህን ልብ በሉ፤ ቀጥሎ የምናገረው አቅጣጫ ስላለው ጭረት ነው።

ስለ መታጠብ ነው። «ጋሼ፣ አጥቤ አሳምሬ ነው ያመጣሁልዎት» የሚል ሻጭ በቅን ልቦና ነው የሚናገረው፤ ለቤት ዕቃ የምናደርገውን አድርጎለታል። በጥርስ ሳሙና፣ በአመድ፣ በሎሚ፣ በቢካርቦኔት ይፈገፍገዋል። ውጭ አገር ደግሞ ለብር ዕቃ ተብሎ የሚሸጥ አሲድ ነክ ፈሳሽ አለ፤ ተነክሮ ሲወጣ ነጭ ይሆናል። ሁለቱም ጉዳት ናቸው፤ ምልክታቸው ግን ይለያያል። የተፈገፈገው ላይ አጉሊ መነጽር ስታደርጉ እጅግ ቀጫጭን መስመሮች ጎን ለጎን ሆነው በአንድ አቅጣጫ ሲሄዱ ታያላችሁ፤ ሜዳውን አቋርጠው እስከ ፊደሉ ግርጌ ይደርሳሉ። በፊደሎቹ ጉያና በዘውዱ ስንጥቅ ውስጥ ግን ጨርቁ ያልደረሰበት ጥቁር እድፍ ይቀራል፤ ነጩና ጥቁሩ በአንዴ ይቆራረጣሉ። በተፈጥሮ የጠቆረ ሳንቲምም ጉያው ጥቁር፣ ከፍታው ነጣ ያለ ነው፤ ልዩነቱ ቀለሙ ቀስ እያለ መለወጡ ነው። በፈሳሽ የተነከረው መስመር አይኖረውም። እሱን የሚያጋልጠው ያ የሚዞረው ብርሃን ነው፤ ፈሳሹ በነከረው ቁጥር ደቃቅ መስመሮቹን ስለሚበላ፣ ደጋግሞ የተነከረ ብር ነጭ ሆኖ ብርሃን የሌለው፣ የሞተ ይሆናል። ደረጃ ሰጪ ድርጅቶች እንዲህ ያለውን ቁጥር አይሰጡትም። የምስሉን ዝርዝር መጠን ጽፈው «ታጥቧል» ብለው ያልፉታል፤ ዋጋውም እጅግ ይወርዳል።

ከዓመታት በኋላ ታጥቦ የነበረ ብር ደግሞ ተመልሶ ይጠቁራል። ያኔ ማወቅ ይከብዳል፤ መስመሮቹ ግን ከጥቁሩ ሥር እንዳሉ ናቸው። አጋድሎ ለሚያይ ይታያሉ።

ጥቁረቱ ራሱ ምን እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። ብር አይዝግም፤ በአየር ካለው የድኝ ውሁድ ጋር ይዋሃዳል። መጀመሪያ ቢጫ ይላል፣ ከዚያ ወደ ቀይ ቡናማ፣ ከዚያ ወደ ሰማያዊ፣ በመጨረሻ ጥቁር ይሆናል። የማገዶ ጢስ ባለበት ቤት ሣጥን ውስጥ የኖረ ጠገራ ይህን ሁሉ ያልፋል። ይህ ስስ ልባስ ከሥሩ ያለውን ብር ይጠብቀዋል፤ እኔም ስገዛ የምፈልገው ይህንኑ ነው። ማድጋ ውስጥ ተቀብሮ የወጣ ከሆነ ግን ልባሱ ሌላ ነው፤ ከአፈሩ ጨው ጋር ተዋሕዶ ግራጫ ቅርፊት ያበጃል፤ ያን በቤት ለማስለቀቅ መሞከር ገጹን አብሮ መላጥ ነው። በድኝ ወይም በእንቁላል አጥቁረው አሮጌ የሚያስመስሉም አሉ። የእነሱ ቀለም ፊደሉን ሳያከብር ወጥ ሆኖ ይሸፍነዋል፤ የድሮው ግን በፊደሎቹ ዙሪያ ይለወጣል፣ ይሳሳል፣ ይወፍራል። አዲስ ከሆነ ደግሞ አፍንጫ ያውቀዋል።

የአክሱም የብር ሳንቲም ያለው ሰው ካለ ይህን ሁሉ በእጥፍ ይስማ። ከእነዚያ ውስጥ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወርቅ የተለበጠባቸው አሉ። ወርቁ እጅግ ስስ ነው፤ አንድ ጊዜ በብሩሽ ቢፈገፈግ ለዘላለም ይሄዳል።

ሌላው እኛ ጋ የሚበዛው ጉዳት የጌጥ ነው። ጠገራም የምኒልክ ብርም በአንገት ሲንጠለጠሉ፣ በድሪ ሲገቡ፣ ቀልጠው መስቀልና አምባር ሲሆኑ ኖረዋል። ብዙዎቹ አናታቸው ላይ ማንጠልጠያ ተበይዶባቸው ነበር፤ ኋላ ሻጭ ነቅሎ ሞርዶታል። ስለዚህ ከምስሉ ራስ በላይ ያለውን ጠርዝ ሁልጊዜ በጣታችሁ ዳስሱት። የተሞረደ ቦታ ይሻክራል ወይም ከሌላው ይልቅ ልሙጥ ይሆናል፤ የጠርዙ ጽሑፍ እዚያ ላይ ይቋረጣል፤ የብየዳው ብር ቀለሙ ቢጫ ወይም ግራጫ ሆኖ ይለያል። ተበስቶ የተደፈነም አለ፤ በተጋደለ ብርሃን ስታዩት ክብ ዳር ይታያል፣ በላዩ ያለው ፊደልም በእጅ የተቀረጸ ስለሆነ ጎረቤቱን አይመስልም። ማንጠልጠያው አሁንም ካለ ግን በምንም ምክንያት እንዳታነሡት። ከነማንጠልጠያው ያለ ጠገራ እንደ ሳንቲም ደረጃው ዝቅ ቢልም እንደ ጌጥ ሙሉ ነው፤ የሆነች እናት ለብሳው የኖረች ነው። ሲነቀል ሳንቲምም ጌጥም ያልሆነ ነገር ይቀራል።

ሐሰተኛውን ለመለየት መጀመሪያ ሚዛን ነው። መቶኛ ግራም የሚያነብ ዲጂታል ሚዛን አሁን በየሱቁ አለ። ድሮ ነጋዴዎች ጠገራውን ራሱን የሚዛን ድንጋይ ያደርጉት ነበር፤ ወቄትም ከእሱ ክብደት ጋር የተስማማው በከንቱ አይደለም። ክብደቱን ስታነቡ መልኩን አብራችሁ አንብቡ። ያለቀ ሳንቲም ጥቂት አሥረኛ ግራም ቢጎድል ትክክል ነው። ምስሉ ስል ሆኖ ክብደቱ የጎደለ ግን ሊታመን አይገባም፤ ሁለቱ አንድ ታሪክ መናገር አለባቸው። ሁለተኛ ውኃ። ብርጭቆ ውኃ ሚዛኑ ላይ አስቀምጣችሁ ዜሮ አድርጉት፤ ሳንቲሙን በክር አስራችሁ ታችና ጎን ሳይነካ ውኃው ውስጥ አንጠልጥሉት። ትክክለኛ ጠገራ ወይም የምኒልክ ብር 2.75 ግራም አካባቢ ያነባል። ብር የተቀባ መዳብ በዚያው ክብደት 3.1 ግራም ያህል ያሳያል። ጠንካራ ማግኔት ብረት ያለበትን ወዲያው ያጋልጣል፤ መዳቡን ግን አያጋልጥም፤ ስለዚህ ማግኔት ብቻውን አያስተማምንም። ድምፅም እንዲሁ። ሳንቲሙን ጣታችሁ ጫፍ ላይ አድርጋችሁ በእርሳስ ነካ ስታደርጉት ጥርት ብሎ የሚረዝም ድምፅ መልካም ነው፤ ግን የተበየደና የተሰነጠቀ እውነተኛ ብርም ድምፁ ይታፈናል።

ከሁሉ የሚያጠግበኝ ፈተና ጠርዙ ነው። በጠገራው ጠርዝ ላይ የንግሥቲቱ መፈክር፣ ፍትሕና ርኅራኄ የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ጽሑፍ፣ ከሐረጎች ጋር ወደ ውጭ ጎልቶ ወጥቷል። በምኒልክ ብር ጠርዝ ላይ በግዕዝ የዳዊት መዝሙር ቃል ዞሮታል። በአሸዋ ቅርጽ የሚያፈሱ ሰዎች ፊቱን ቢያስመስሉ እንኳ ይህን ጠርዝ ለማውጣት ይቸገራሉ፤ ሁለቱ ግማሾች የተገጠሙበት ስፌት ይታያል ወይም ሊያጠፉት ሲሞርዱት ፊደሎቹ ይዛነፋሉ። ማስመሰል ለነገሩ በትልቁ ብር ብቻ አይደለም። ጠገራ ከገበያ በወጣበት ዘመን፣ በ1936 ዓ.ም. ስም የተሠራው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ 50 ሳንቲም ብር ነበር፤ 25 ሳንቲሙ መዳብ። 25ቱን ብር እየቀቡ በ50 ስም ሲያሳልፉት ጊዜ ጠርዙ ክብነቱን ትቶ ጥርስ እንዲያወጣ ተደረገ። ክቡ 25 ሳንቲም ዛሬ የሚፈለገው ለዚህ ነው።

በፎቶ ብቻ አትግዙ። ቴሌግራም ላይ የሚለጠፍ ምስል ከፊት በበራ ብርሃን የተነሣ ስለሆነ መስመሮቹን ሁሉ ይደብቃል። ግድ ከሆነ ሻጩ ሳንቲሙን አጋድሎ ቪዲዮ እንዲያነሣ ጠይቁት፤ ጠርዙን ዙሪያውን፣ ሚዛን ላይም ተቀምጦ። ቸርችል ጎዳና ሱቆች ውስጥ ስትገቡ ደግሞ ከሱቁ መብራት ይልቅ ደጃፉ ላይ ወጥታችሁ እዩ። ብዙ ሳንቲም በአንድ ላይ ከቀረበላችሁ ሁሉን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ቀለማቸውን አወዳድሩ፤ በየቤቱ የኖሩ ብሮች አንድ ዓይነት ነጭ አይሆኑም። በዋጋ ክርክር ላይ አንድ ነገር እመክራለሁ፤ ለለሰለሰውና ሜዳው ላልተነካው የተጠየቀውን ክፈሉ፣ ለጎላውና ለተፈገፈገው ግን በብሩ ክብደት ብቻ ተከራከሩ።

ውጭ አገር ያላችሁ ወገኖች ከቤተሰብ የተረከባችሁትን ይዛችሁ ለመሄድ ስታስቡ አስቀድማችሁ ከቅርስ ባለሥልጣን ጠይቁ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል።

አቀማመጡ ቀላል ነው። ጠርዙን ብቻ ይዛችሁ አንሡ፤ ላብ በዓመታት ውስጥ የጣት አሻራ ያትምበታል። አፈር ካለበት በተጣራ ውኃ ንከሩት፤ ቅባት ካለበት በአሴቶን፤ ከዚያ ሳታሹ በለስላሳ ጨርቅ ላይ ይድረቅ። ለስላሳውና ጠረን ያለው ፕላስቲክ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ ሙጫ ስለሚያወጣ ራቁት። ላስቲክ ያሰራችሁበት ብር ላይ ጥቁር መስመር ይቀራል። ከማን እንደገዛችሁት፣ ከየትኛው አካባቢ እንደመጣ፣ የመጀመሪያ ክብደቱን በወረቀት ጻፉና አብራችሁ አስቀምጡ፤ ወረቀቱ ግን ብሩን አይንካው፣ ርካሽ ወረቀት ውስጥም ድኝ አለና።